አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ፊደል፣ ሃያ ድምፅ

ሳምንታዊ የአድማጮች ዝግጅት፤ የዕለቱ ርዕስ፦ የመጀመሪያዋን ሃርሞኒካ ስለ መምረጥ

(መክፈቻ፦ በሃርሞኒካ ብቻ የተጫወተ፣ ዝግ ያለ የትዝታ ቅኝት። ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻውን ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ይቆያል።)

አቅራቢ፦ በሐዋሳና በዙሪያዋ ሆናችሁ የምታደምጡን፣ በየቤታችሁ፣ በየሱቃችሁ፣ በባጃጅና በታክሲ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

አሁን ከሥር የምትሰሙት ድምፅ ከምን የሚወጣ ይመስላችኋል? ከአኮርዲዮን ነው? ከዋሽንት ነው? እስቲ ጥቂት አዳምጡት።

(ሙዚቃው ለ5 ሰከንድ ከፍ ይላል፤ ይቆማል።)

ሃርሞኒካ ነው። በሸሚዝ ኪስ የምትገባ፣ በመዳፍ የምትሸፈን ትንሽ መሣሪያ። ዛሬ የምንነጋገረው ሃርሞኒካ መጫወት ለመጀመር የሚያስብ ሰው የመጀመሪያዋን እንዴት ይምረጥ በሚለው ላይ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ አመሻሹ ላይ በር አንኳኳ። በእጁ ረዘም ያለች፣ የምታብረቀርቅ ሃርሞኒካ ይዟል። «ጋሼ፣ ይቺን እስቲ እዩልኝ፤ የተበላሸች መሰለኝ» አለኝ። ተቀበልኩት። ከላይና ከታች ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 24 ቀዳዳ አላት። ነፋኋት፤ ሳብኳት። ደህና ናት።

«ታዲያ ምን ሆነችብህ?» ብለው፣ «ዜማው ይጠፋብኛል። አንዱን ቀዳዳ ስነፋ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያለውን ስነፋ ዝም ይላል» አለኝ። «ማን መረጠልህ?» አልኩት። «ማንም። ብዙ ቀዳዳ ያላት ትሻላለች ብዬ ራሴ መረጥኳት» አለ። በየዓመት በዓሉ የተሰጠውን ብር አጠራቅሞ ነው የገዛት። ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

አድማጮቼ፣ ልጁን ማንም አላታለለውም። መሣሪያዋም አልተበላሸችም። የመረጠው በዓይኑ ነበር፤ ጆሮውንና ትንፋሹን አላማከረም። በዚያ ምሽት ለልጁ የነገርኩትን ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። እስክሪብቶና ወረቀት አትፈልጉ፤ በቃል የሚያዝ ነው። አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ፊደል፣ ሃያ ድምፅ።

እስቲ አብረን እንበለው። አሥር ቀዳዳ። አንድ ፊደል። ሃያ ድምፅ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው? ልጆች ሳለን ሰፋ ያለ የሣር ቅጠል በሁለት አውራ ጣቶቻችን መካከል ወጥረን እንነፋ አልነበር? ቅጠሉ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብ ይጮኻል።

ሃርሞኒካ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በቅጠሉ ፋንታ ቀጫጭን የናስ ምላሶች አሉ። ሙዚቀኞች ሪድ ይሏቸዋል። የእያንዳንዱ ምላስ አንድ ጫፍ ተጣብቋል፤ ሌላው ጫፍ ነፃ ነው። ትንፋሽ ሲያልፍ ነፃው ጫፍ ይርገበገባል። ረጅሙ ምላስ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ወፍራሞቹ በግራ፣ ቀጭኖቹ በቀኝ ናቸው።

አሁን ልጠይቃችሁ። ዋሽንት ሲነፋ ይናገራል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ቢሳብበትስ? ዝም ይላል። ሃርሞኒካ ግን ሲነፉባትም ሲስቡባትም ትናገራለች። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ምላስ አለ፤ አንዱ ለመንፋት፣ አንዱ ለመሳብ። ቀዳዳው 10 ከሆነ ምላሱ ስንት ይሆናል? 20። ሃያ ድምፅ ያልኳችሁ ከዚህ የመጣ ነው።

ብልሃቱ ጥንታዊ ነው። በቻይና ሸንግ የሚባል፣ እንዲህ ባለ ምላስ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አለ። በአውሮፓ ደግሞ ማቲያስ ሆነር የሚባል ጀርመናዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1857 በትሮሲንገን ከተማ ሃርሞኒካ መሥራት ጀመረ። ማሪን ባንድ የተባለችው ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካው እ.ኤ.አ. በ1896 ወጣች፤ ዛሬም ትሠራለች።

እኛም ከዚህ ቤተሰብ ጋር እንተዋወቃለን። አኮርዲዮን የሃርሞኒካ የቅርብ ዘመድ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሆነው የሀገራችንን ዜማዎች በአኮርዲዮን ተጫውተው በካሴት አውጥተዋል። ያ ድምፅ የሚወጣው ከእንዲህ ዓይነት ምላሶች ነው። አኮርዲዮን ነፋሱን በክንድ ከሚገፋው ወናፍ ያገኛል። ሃርሞኒካ ከእናንተው ሳንባ ታገኛለች።

(አጭር የአኮርዲዮን ድምፅ፤ ወዲያው ያንኑ ዜማ ሃርሞኒካ ትደግመዋለች።)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? አይመሳሰሉም?

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንሂድ። አሥር ቀዳዳ። ሱቅ ስትገቡ ሦስት ዓይነት ሃርሞኒካ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አንደኛዋ ያቺ ልጁ የገዛት ዓይነት ናት። ትሬሞሎ ትባላለች። ረዥም ናት፤ ቀዳዳዋ ሁለት ረድፍ ነው። አንዱን ድምፅ የሚሰጡት በአንድነት የሚርገበገቡ ሁለት ምላሶች ናቸው። ሁለቱ ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲለያዩ ስለተቃኙ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፤ ያምራል። ግን አንዱ ቀዳዳ ለመንፋት ብቻ፣ ቀጣዩ ለመሳብ ብቻ ነው። ልጁ «ዝም ይላል» ያለኝ ለመሳብ የተሠራውን ሲነፋ ነው። የለመደ ሰው ዜማ ያወጣባታል። ዛሬ ለሚጀምር ሰው ግን መንገዱን ታረዝምበታለች።

ሁለተኛዋ ክሮማቲክ ናት። በቀኝ ጎኗ የሚገፋ ቁልፍ አላት። ቁልፉን ስትገፉት እያንዳንዱ ድምፅ በግማሽ እርምጃ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ 12 ቀዳዳ አላት፤ ምላሷ 48 ይደርሳል። ስቲቪ ወንደር የሚጫወተው ይህችን ነው። ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ ጥገናዋም ይከብዳል። በኋላ ትደርሱባታላችሁ።

ሦስተኛዋ ዲያቶኒክ ናት። አንድ ረድፍ፣ 10 ቀዳዳ። ርዝመቷ ከመሃል ጣታችሁ ብዙ አይበልጥም። ለጀማሪ የምመክረው ይህችን ነው። ለምን? ቀዳዳዎቿ ሰፋ ሰፋ ስለሚሉ ከንፈር ለይቶ ያገኛቸዋል። አንድ ቀዳዳ ላይ እንደሆናችሁ በመንፋትና በመሳብ ሁለት ድምፅ ታገኛላችሁ። የጀማሪ ትምህርቶችም በብዛት የተዘጋጁት ለእሷ ነው።

ትንሽነቷ አያሳስባችሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1965 ጀሚናይ 6 በተባለችው መንኮራኩር የነበረው ጠፈርተኛ ዋሊ ሺራ፣ ባልደረባው ቶም ስታፎርድ ትንንሽ ቃጭሎች እያንሿሿለት፣ የገና ዜማ ከጠፈር ወደ ምድር አሰምቶ ነበር። በምን? 4 ቀዳዳና 8 ምላስ ብቻ ባላት ሃርሞኒካ! የእናንተዋ 10 አላት።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ነጥብ። አንድ ፊደል።

የዋሽንት ተጫዋች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ዋሽንት ይይዛል። ርዝመታቸው ይለያያል። ዘፋኙ ዝቅ ብሎ ሲያዜም ረጅሙን፣ ከፍ ሲል አጭሩን ያነሳል። ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካም እንዲሁ ናት። እያንዳንዷ የምትነሳበት የራሷ ድምፅ አላት፤ ሙዚቀኞች ኪይ ይሉታል። የትኛው እንደሆነ ክዳኗ ወይም ጎኗ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፏል።

እናንተ የምትፈልጉት ሲ የሚለውን ነው። ወደ ቀኝ በኩል የተከፈተ ግማሽ ክብ የሚመስለውን ፊደል። ለምን ሲ? ድምፁ መካከለኛ ነው። ጂ የሚለው ወፍራም ስለሆነ ምላሱ ዘግየት ብሎ ይነሳል፤ ኤፍ ቀጭን ስለሆነ ለጀማሪ ጆሮ ይሰላል። ሲ በመሃል ነው። ደግሞም በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ካለ፣ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ከሚጫወት ጓደኛችሁ ጋር አብራችሁ መጫወት ትችላላችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ አጥታችሁ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ትልኩ ይሆናል። «ሃርሞኒካ አምጣልኝ» ብላችሁ ብቻ አትላኩት። «አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ረድፍ፣ ሲ የተጻፈባት» በሉት። ይህን ካላላችሁት ዓይኑን የማረከችውን ይዞላችሁ ይመጣል።

እስካሁን ያልነውን እንድገመው። ስንት ቀዳዳ? አሥር። የቱ ፊደል? ሲ። የቀረን ሃያው ድምፅ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ነጥብ። ሱቅ ውስጥ ናችሁ እንበል። ባለ ሱቁ ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ሰጣችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

ይህ ከአፍ ጋር የሚነካካ ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁን በትሕትና አስፈቅዱ። «ወንድሜ፣ ድምፁን ልሞክረው? ሁሉም ቀዳዳ የሚሠራ ከሆነ እወስዳታለሁ» በሉት። ሶፍት ይዛችሁ ሂዱና ጥረጉት። አይሞከርም ካለ፣ የማይናገር ቀዳዳ ቢገኝ እንደሚቀይርላችሁ ከወዲሁ ተስማሙ።

ሲፈቀድላችሁ ከ1ኛው ቀዳዳ ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወደ 2ኛው እለፉ። ንፉ፤ ሳቡ። እንዲህ እያላችሁ እስከ 10ኛው። 20 ጊዜ ድምፅ መስማት አለባችሁ። አንዱ ዝም ካለ፣ ወይም እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ከተንሿሿ፣ ሌላ ይስጣችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 2ኛውን ቀዳዳ መሳብ ለጀማሪ ሁሉ ያስቸግራል። ድምፁ ይታፈናል። መሣሪያዋን ከመውቀሳችሁ በፊት ጉሮሯችሁን እንደማዛጋት ከፍታችሁ፣ ትንፋሹን አለስልሳችሁ ሞክሩ። ብዙውን ጊዜ ይከፈታል።

ቅኝቷ ትክክል መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ? ይህን በደንብ ያዙልኝ። ባለ 10 ቀዳዳዋ ላይ 3ኛውን ስትነፉና 2ኛውን ስትስቡ የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው። ስሙት።

(ድምፅ፦ 3ኛው ቀዳዳ ሲነፋ፣ ቀጥሎ 2ኛው ሲሳብ፤ ሁለት ጊዜ ይደገማል።)

አቅራቢ፦ አንድ ናቸው አይደል? አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለባችሁ ቅኝቷ ተዛብቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሙዚቃ መማር አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ሌላው የትንፋሽ ነገር ነው። አንዳንዷ ሃርሞኒካ ትንፋሽ ትበላለች። ጥቂት ነፍታችሁባት ብዙ እንደሮጠ ሰው ካለከለካችሁ፣ አየሩ ምላሶቹን በያዘው ሳህንና በመሃለኛው አካል መካከል እያመለጠ ነው። ተዉአት። መሃለኛው አካል ከእንጨትም ከፕላስቲክም ይሠራል። እንጨቱ የአፍ እርጥበት ሲጠጣ ሊያብጥና ከንፈር ሊጭር ይችላል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ፕላስቲኩ ይሻላል። ክዳኑ በሚስማር ሳይሆን በብሎን የታሰረች ብትሆን ደግሞ ለማጽዳት ትመቻለች።

(መሸጋገሪያ፦ የሃርሞኒካ ድምፅ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ሁላችሁም የምትጠይቁኝን ጥያቄ ልጠይቅላችሁ። «ይህ የጀርመን መሣሪያ የኛን ዜማ ይጫወታል ወይ?»

ይጫወታል። እንዴት እንደሆነ አሁኑኑ አሳያችኋለሁ። ሃርሞኒካ ያላችሁ አንሡ፤ የሌላችሁ ጣታችሁን እየቆጠራችሁ ተከተሉኝ። ከ4ኛው ቀዳዳ እንጀምራለን። ከ1 እስከ 3 ያሉት ለአጃቢ ድምፅ እንዲመቹ ስለተቃኙ አንዳንድ ድምፅ ይጎድላቸዋል።

4ን ንፉ። 4ን ሳቡ። 5ን ንፉ። 6ን ንፉ። 6ን ሳቡ። 7ን ንፉ።

(ድምፅ፦ ስድስቱ ድምፆች አንድ በአንድ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይመለሳሉ።)

አቅራቢ፦ ምን ሰማችሁ? ትዝታ ነው! ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት። 5ን መሳብ ዘለልን፤ 7ን መሳብ አልነካንም። ሁለት ድምፅ ስንተው ቅኝቱ እዚያው ተቀምጦ ጠበቀን።

ባቲስ? ባቲ ማይነርን ከፈለጋችሁ 4ን ሳቡ፤ 5ን ሳቡ፤ 6ን ንፉ፤ 6ን ሳቡ፤ 7ን ንፉ፤ 8ን ሳቡ።

(ድምፅ፦ የባቲ ቅኝት፤ ወደ ላይና ወደ ታች።)

አቅራቢ፦ አምባሰልም አለ። 5ን ንፉ፤ 5ን ሳቡ፤ 6ን ሳቡ፤ 7ን ሳቡ፤ 7ን ንፉ፤ 8ን ንፉ።

(ድምፅ፦ የአምባሰል ቅኝት፤ ወደ ላይና ወደ ታች።)

አቅራቢ፦ አንቺሆዬስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። አንቺሆዬ የሚፈልጋቸው ድምፆች ሁሉ ሲ በተጻፈባት ሃርሞኒካ ላይ ተሟልተው አይገኙም። የበሰለ ተጫዋች በአፉ ቅርጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጎደለውን ያወጣዋል፤ ወይም ክሮማቲኳን ያነሳል። እናንተ ለዚያ ጊዜ አላችሁ። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል በኪሳችሁ ሆነው ስለ አንቺሆዬ ብላችሁ አትጨነቁ።

ጆሯችሁ ሲለምድ ደግሞ የአካባቢያችንን ዜማ ፈልጉባት። በጉዱማሌ ለፍቼ ጨምበላላ ሲዘፈን የሰማችሁትን ይዛችሁ ግቡ። ከ4 እስከ 8 ባሉት ቀዳዳዎች ላይ እየነፋችሁ እየሳባችሁ አንድ በአንድ ፈልጉት። ያገኛችሁት ቀን ደስታችሁን እናንተ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ገዛችኋት። አሁን እንዴት ትቆይላችሁ?

ከመጫወታችሁ በፊት አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሸንኮራ፣ ቆሎ፣ እነዚህ ሁሉ ከምራቅ ጋር ገብተው ምላሶቹን ያጣብቃሉ። አንዲት የቆሎ ፍርፋሪ አንድ ቀዳዳ ዝም ልታሰኝ ትችላለች። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጓት፤ እርጥበቱ ይውጣ። ጥቂት አናፍሷትና ወደ ማኅደሯ መልሷት። ፀሐይ በሚያገኘው የባጃጅ መስታወት ሥር አትተዉአት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ወላጆች ስሙኝ። ለሦስት ልጅ አንዲት ሃርሞኒካ ገዝታችሁ «ተካፈሏት» አትበሉ። ከአፍ ወደ አፍ በሽታ ይተላለፋል። ይህ መሣሪያ እንደ ጥርስ ብሩሽ የየራስ ነው።

በኃይል መንፋትም ይቅርባችሁ። ምላሱ ቀጭን ናስ ነው፤ ሲደክም ቅኝቱን ይለቃል። አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ቀስ ብላችሁ በምታወሩበት ትንፋሽ ተጫወቱ።

(የመክፈቻው ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል።)

አቅራቢ፦ የሰፈራችን ልጅስ ምን ሆነ? ትልቋን አልጣላትም፤ እኔም አላስጣልኩትም። «አስቀምጣት፤ ጊዜዋ ይደርሳል» አልኩት። እንደገና አጠራቀመ። ባለ 10 ቀዳዳዋን ሲገዛ ሱቁ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ የሰጠው ሃርሞኒካ ላይ 7ኛውን ሲስብ ዝም አለች። ልጁ ቀና ብሎ «19 ነው» አለ። ያለው ይህንኑ ብቻ ነው። ባለ ሱቁ ሳቀና ሌላ አወጣለት። ቆጠረ። 20 ሞላች።

ባለፈው እሑድ ማምሻውን ፍቅር ሐይቅ በኩል ስሄድ አየሁት። ውኃው ዳር ተቀምጦ 4ን ይነፋል፣ 4ን ይስባል፣ 5ን ይነፋል። ይሳሳታል፤ ይመለሳል። ትዝታ መሆኑ ግን ይታወቃል። አልጠራሁትም፤ እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁት።

አድማጮቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን እንበለው። ስንት ቀዳዳ? አሥር። ስንት ፊደል? አንድ፤ ሲ። ስንት ድምፅ? ሃያ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንዲት አዲስ ሃርሞኒካ እዚሁ እፊቴ አለች። ከ1 እስከ 10 እየተነፋችና እየተሳበች ትሰማላችሁ። እናንተ ቁጠሩ። ሃያ ሞልታ እንደሆነ ንገሩን። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ደህና ሁኑ።

(ሙዚቃው ይቆማል። ድምፅ፦ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሲነፋ አንድ ጊዜ ሲሳብ፣ በመካከሉ አጭር ፋታ። የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ይጠበቃል። የዝግጅቱ ፍጻሜ።)